ስንተኛ ወጣህ?

ጥር መጨረሻ ላይ የአንደኛ ሴሚስተር ካርድ ተሰጠ። ትንሹ ልጄ አራተኛ ክፍል ነው። የዚያን ዕለት ማታ የባለቤቴ አጎት ሊጠይቁን መጡ። ልጁን አገላብጠው ሳሙትና ትልቅ ሰው ሁሉ ልጅ ሲያገኝ የሚጠይቀውን ጠየቁት። ስንተኛ ወጣህ? ልጄ ጮክ ብሎ 34ኛ አለ። ከዚያ ሄዶ የሳሎኑ መጋረጃ ውስጥ ተጠቀለለ። ከታች ካልሲው ብቻ ይታያል። እራት ቀርቦ እስኪነሳ ድረስ ውጣ ብንለው አሻፈረኝ አለ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ካርዱን አውጥቼ አየሁት። አማካይ ውጤቱ 81.3 ነው። ክፍሉ ውስጥ 47 ልጆች አሉ። መጋረጃ ውስጥ የገባው እንግዲህ ከመቶ ሰማንያ አንድ ያመጣ ልጅ ነው። በማግስቱ ስጠይቅ ነገሩ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት ሰልፍ ላይ ተጠርተው ደብተርና እስክሪብቶ ተሸለሙ። የቀሩትን ስም ጠሪዋ ክፍል ውስጥ ከላይ እስከ ታች አነበበችላቸው። እስከ 47ኛ ድረስ ማለት ነው።

ይህንኑ እንዳለ ኢንተርኔት ላይ ለጥፌ አንድ ጥያቄ አስከተልኩ። ውጤቱ ለልጁና ለወላጁ ይነገር፣ ግዴለም። ደረጃው ግን ለምን ለክፍሉ ሁሉ ይነበባል? አንብበነው ያተረፍነው ምንድን ነው?

በአራት ቀን 38 ምላሽ መጣ። ቃል በቃል አልገለብጠውም፤ ረጅም ነው፣ የተሰዳደቡም አሉ። በቁጥራቸው እየጠራሁ የገባኝን ልንገራችሁ።

ምላሽ 1 እና 2

ሁለቱም አይዞሽ ባዮች ናቸው። አንደኛዋ የእሷም ልጅ 29ኛ ወጥቶ እንደነበር፣ ቀስ ብሎ እንደሚነቃ ጻፈች። ሁለተኛዋ ጠዋት ጠዋት እንቁላል እንዳበላው መከረችኝ። እንቁላሉን ይበላል። ለማንኛውም አመሰገንኩ።

ምላሽ 3

እኚህ ሰው ጨዋ ናቸው፣ ግን አልተስማሙም። የተማሩት 80 ልጅ በሚታጎርበት ክፍል ነው። ለሦስት አንድ ዴስክ ነበር፣ መጽሐፍ ለአምስት ይደርሳል። አባታቸው አናጢ ነበሩ። ስማቸው ሰልፍ ላይ 1ኛ ተብሎ የተጠራ ቀን አባታቸው ከሥራ ቀርተው አጥር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት የቤቱ ጫጫታ ውስጥ ማንም ልብ አይላቸውም ነበር። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ፋኖሱ ወደ እሳቸው ይጠጋ ጀመር። ደረጃ ባይኖር ያንን ፋኖስ ማን ይሰጠኛል ብለው ነው የሚከራከሩት። ልጄን ከመደበቅ ይልቅ ለሚቀጥለው ሴሚስተር እልህ እንዳስገባው መከሩኝ።

ስለ ፋኖሱ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እውነት አለው።

ምላሽ 4

ይህ ደግሞ ለ3 የተሰጠ መልስ ነው፣ አጭርና ኮምጣጣ። ሰውየው የ1ኛውን ታሪክ ነግረውናል፣ ያው ታሪክ የሚነግሩን ሁሌም እነሱ ናቸው፤ እስቲ 80ኛው ምን እንዳለ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ ይላል። በዚያ ቀን አጥር ላይ የቆመ የ80ኛው አባትም ሊኖር ይችላል ብሎ ዘጋው።

ምላሽ 5

80ኛዋ አልመጣችም፣ 62ኛዋ ግን መጣች። ከ62 ልጅ ማለት ነው። ሦስተኛ ክፍል እያለች አንድ ጊዜ ብቻ መጨረሻ ወጣች። ወባ አሟት አንድ ወር ተኩል ቀርታ ስለነበር ሁለት ፈተና አልተፈተነችም። ስም ጠሪው ዝርዝሩን አንብቦ ሲጨርስ ከኋላ አንድ ልጅ ጅራት ብሎ ጠራት። ጅራት የሚለው ስም እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከተላት። በሚቀጥለው ዓመት 20ኛ ወጥታ ነበር፣ ስሙ ግን አብሯት አላደገም፤ እዚያው ጅራት ላይ ቀረ።

ዛሬ የልብስ ስፌት ሱቅ አላት፣ ሁለት ሠራተኛ ቀጥራለች። ባንክ ስትሄድ ግን ፎርሙን ልጇ እንዲሞላላት ይዛው ትገባለች። መጻፍ አያቅታትም፤ ለእኛም አንድ ገጽ ሙሉ ጽፋልናለች። ካውንተሩ ጋ ስትደርስ እጇ ይንቀጠቀጣል። የባንኩ ሠራተኛ ፎርሙን አንብባ ቀና ስትል ስሟን ጮክ ብላ የምትጠራው ይመስላታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆምኩ። ስለ ልጄ መጋረጃ ነበር ያወራሁት፤ ጉዳዩ አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት የባንክ ፎርም ድረስ ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም።

ምላሽ 6፣ 7፣ 8

አንዱ ትምህርት ቤቱ የግል ነው የመንግሥት ብሎ ጠየቀ። ሌላው ሁለቱም ያው ናቸው አለ። ሦስተኛው የክፍያ ነገር አንስቶ ተማረረ፤ ማማረሩ ትክክል ነው፣ ግን ቦታው አልነበረም።

ምላሽ 9

ሳይኮሎጂ የተማረ ልጅ ነው። ኸርበርት ማርሽ የሚባል የትምህርት ሳይኮሎጂ ተመራማሪ ከ1980ዎቹ ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ መሆኑ ነው፣ ደጋግሞ ያሳየውን ነገር አስረዳን። ልጅ ችሎታውን የሚለካው አጠገቡ ከተቀመጠው ጋር እያስተያየ ነው። እኩል የሚችሉ ሁለት ልጆች ወስደህ አንዱን ጎበዞች የሞሉበት ትምህርት ቤት፣ ሌላውን መካከለኛ ትምህርት ቤት ብታስገባ፣ ጎበዞቹ መሀል የገባው ስለ ትምህርት ችሎታው ያለው ግምት ይወርዳል። ትልቅ ዓሣ በትንሽ ኩሬ የሚል ስም የተሰጠው ነገር ነው፤ በብዙ አገሮች ተሞክሮ ውጤቱ ተመሳሳይ ሆኗል። ስለዚህ የእኔ ልጅ 81.3 አምጥቶ መጋረጃ ውስጥ መግባቱ የሚገርም አይደለም አለ። ኩሬው ነው የከበደው። ሌላ ክፍል ቢሆን በዚያው ውጤት 10ኛ ወጥቶ እንግዳው ፊት ይጨፍር ነበር።

ምላሽ 10

9ን በትህትና አረመችው። እሱ የሚያወራው ስለ ትምህርት ችሎታ ስላለ ግምት ነው፣ ውይይታችን ደግሞ ሰው በጠቅላላ ለራሱ ስለሚሰጠው ግምት ነው፤ ሁለቱን አትቀላቅሉ አለች። የሶሺዮሎጂ ተመራማሪው ሞሪስ ሮዘንበርግ በ1965፣ በፈረንጆቹ፣ ባሳተመው ጥናቱ የኒውዮርክ ግዛት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የጠየቀባቸው 10 ዐረፍተ ነገሮች እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል። አንዱም ስለ ሒሳብ ወይም ስለ ደረጃ አይጠይቅም። የሚጠይቁት ሌላ ነው፤ እንደ ሌላው ሰው ዋጋ እንዳለህ ይሰማሃል ወይ፣ አንዳንዴ ምንም የማልረባ ነኝ ትላለህ ወይ፣ እንዲህ ያለ ነገር። ሒሳብ የማይሆንለት፣ ግን በራሱ ደስ የሚለው ልጅ ሞልቷል።

አያይዛም ቃሉን አነሳች። በአማርኛ ሁሉንም በራስ መተማመን እንላለን። በራስ መተማመን ግን እችለዋለሁ ማለት ነው። እዚህ የምንፈልገው ብችልም ባልችልም ሰው ነኝ የሚለውን ነው። ለእሱ ደህና ቃል የለንም አለች። ለራስ የሚሰጥ ግምት ማለት ይቻላል፣ ግን ማን ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያወራል?

ምላሽ 11

በፈረንጅ ስም ማስፈራራት ይቅር አለ። አንድ መስመር ናት። አሥራ ሁለት ሰው ወዶለታል።

ምላሽ 12 እና 13

በ11 ምክንያት የተነሳ ጭቅጭቅ። ዘለልኩት።

ምላሽ 14

ከሁሉም የገረመኝ ይሄ ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምረዋል። ደረጃ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ ወይ ብለው ጀመሩ። ሰልፍ ላይ ሲነበብ ከሰማይ የወረደ ይመስላል። የሚመጣው ግን ከሮስተር ነው። ሮስተር በማስመሪያ የተሰመረ ሰፊ ወረቀት ነው፤ ወደ ታች የልጆቹ ስም፣ ወደ ጎን የትምህርቱ ዓይነት። አንድ መምህር ከየማርክ ሊስቱ ያነባል፣ ሌላው ይሞላል። ከዚያ ይደመራል፣ ይካፈላል፣ ደረጃ ይወጣል። ካርድ ሊሰጥ አንድ ቀን ሲቀረው ማታ ነው ሁሌም የሚሠራው።

1989 ዓ.ም. አንዲት የሰሜን ሸዋ ከተማ ውስጥ ስድስተኛ ክፍል ስም ጠሪ ነበሩ። 64 ልጅ፣ 10 ትምህርት። መብራት ጠፍቶ በሻማ እየሠሩ ነው። የአንድ ልጅ የሳይንስ ውጤት 91 ነበር፤ ሮስተሩ ላይ 19 ሆኖ ገባ። ድምሩ 842 መሆን ሲገባው 770 ሆነ። አማካዩ ከ84.2 ወደ 77 ወረደ። 5ኛ የነበረው ልጅ 21ኛ ተባለ።

ልጁ ካርዱን ይዞ መጣ። ሳይንስ 19 አላመጣሁም አለ። መምህሩ ማርክ ሊስቱን አላዩም። ሰው ሁሉ ካርድ በተሰጠ ቀን ተሳስቶብኛል ይላል። ከመሟገት ብታጠና ይሻልሃል ብለው መለሱት። እናቱም መጡ፣ ነጠላቸውን አደግድገው በር ላይ ቆሙ፣ ለእሳቸውም ያንኑ ነገሯቸው። እናትየው ልጁን እዚያው በኩርኩም አሉት።

ሁለተኛ ሴሚስተር ልጁ እጅ ማውጣት ተወ። ከፊት ዴስክ ተነስቶ ከኋላ ተቀመጠ። ውጤቱ ሰባ ገባ፣ አሁን እውነተኛ ሰባ። ሰኔ ላይ የሁለቱን ሴሚስተር አማካይ ሊያወጡ ማርክ ሊስቶቹን ዘርግተው እያዩ ያቺን 91 አገኟት። ሮስተሩን አስተካከሉ። በዓመቱ አማካይ ላይ ትክክለኛውን ሞሉ። ለልጁ ግን አልነገሩትም። ለማንም አልነገሩም። ዛሬ እዚያችው ከተማ ጋራዥ አለው፣ ሲያገኛቸው ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ነው ሰላም የሚላቸው። ይሄን ሲጽፉ ሃያ ምናምን ዓመት እንዳለፈው፣ ቁጥሯ ግን እስከ ዛሬ እንደምትታያቸው ነገሩን።

ምላሽ 15፣ 16፣ 17

15 ጋሼ ስላወሩን እግዜር ይስጥልኝ አለች። 16 አልማራቸውም። ዛሬውኑ ተነስተው ጋራዡ ሄደው ይንገሩት፣ ይቅርታ ይጠይቁት፣ እዚህ ለማናውቀው ሕዝብ መናዘዝ ምን ይሠራል አለ። አነጋገሩ ከባድ ነበር፤ አንቱታውን እንኳ መሀል ላይ ጣለው። 17 ደግሞ ተከላከለችላቸው። እሷም መምህር ናት። 64 ልጅ፣ በሻማ፣ በዚያ ደመወዝ፤ አንድ ቁጥር ቢገለበጥ ምን ይደንቃል? አሁን ሮስተሩ በኮምፒውተር ተሠርቶም ስህተት አይጠፋም፣ ልዩነቱ ስህተቱ ቆንጆ ሆኖ መታተሙ ነው አለች።

ሁለቱም ነጥቡን ያለፉት መሰለኝ። ቁጥር መሳሳት አንድ ነገር ነው። እኔን የከነከነኝ ልጁ ትክክል ሆኖ ሳለ ማንም አለማመኑ ነው፣ እናቱ ጭምር። 91 ማምጣቱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ሰኔ ሲደርስ እሱም ረሳው።

ምላሽ 18

ሊሆን ይችላል፣ ግን ልጁ ያዘቀዘቀው በደረጃው መሆኑን በምን አወቃችሁ ብሎ ጠየቀ። ስድስተኛ ክፍል ሌላም ነገር የሚመጣበት ዕድሜ ነው። ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር ይኖር ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ማንም አልመለሰለትም።

ምላሽ 19 እስከ 23

እዚህ ጋ ውይይቱ አርጩሜ ላይ ወደቀ። የኩርኩሟ ነገር ናት የቀሰቀሰችው። 19 እኛ በጎማ ተገርፈን፣ ጠጠር ላይ ተንበርክከን፣ ይኸው ሰው ሆነናል አለ። 20 ሰው መሆንህን ማን ነገረህ ብሎ መለሰለት። 21 የሕግ ሰው ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤትና በሚያድጉባቸው ተቋማት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ተጽፏል፤ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ማለት ነው፤ አሁን የምናወራው ሕግ ስለሌለው ነገር አይደለም አለ። 22 ሕጉ አዲስ አበባ ቀርቷል ብሎ ቀለደ። 23 ደግሞ ዱላው አላመመኝም፣ ያመመኝ አስተማሪው አርጩሜውን እኔኑ ከግቢው ባሕር ዛፍ ቆርጠህ አምጣ ማለቱ ነው አለ። ቀጭን ካመጣ ይጨመርበታል፣ ወፍራም ካመጣ ይሰበርበታል። መካከለኛ ፍለጋ ዛፉ ሥር ቆሞ ያሰበውን ሐሳብ ሒሳብ ላይ ቢያስበው መሐንዲስ ይሆን ነበር። ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቄን አልወደድኩትም።

ምላሽ 24 እስከ 27

ፕላዝማ፣ ክፍል ውስጥ በቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት። እንዴት እዚያ እንደደረስን አልገባኝም። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሁሉ ትዝታውን ጫነበት። በሳተላይት የሚመጣው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ስክሪኑ ላይ ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራል፣ ከዚያ የመለስንለት ይመስል ጎበዝ ብሎን ያልፋል። 26 ብቻ ወደ ጉዳያችን መለሰችው። ከገጠር መጥታ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ፣ እስከ ስምንተኛ በአማርኛ ነው የተማረችው። ስክሪኑ ጎበዝ ባላት ቁጥር ጎበዝ የተባለው ሌላ ሰው እንደሆነ፣ ክፍሉ ውስጥ ያልገባት እሷ ብቻ እንደሆነች ታስብ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ነው ማንም እንዳልገባው ያወቀችው። ሁሉም ዝም ብለው ነበር። 27 ፓስቲ ስንት ብር እንደነበር ጠየቀ።

ምላሽ 28

ከእስራኤል፣ ሴት ናቸው። በሱዳን በኩል ሄደው በ1985 መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ፣ የገቡ ናቸው። ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ። ትምህርት ቤት የገቡ ቀን የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። ያኔ የገባው ልጅ አብዛኛው ላይ የሆነ ነገር ነው፤ ለመጥራት ይቀላል ተብሎ። መምህሯ በአዲሱ ስም ትጠራለች፣ እሳቸው አይመልሱም። ስሙ የእሳቸው መሆኑን አልያዙትማ። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። በሳምንቱ ጆሮ ሊመረመሩ ተላኩ። ማሽን ጆሯቸው ላይ ተደረገ፣ ድምፁን ስትሰሚ እጅሽን አንሺ ተባሉ፣ ሁሉንም ሰሙ። ሐኪሙ ግራ ገባው።

የእኔን ልጅ በተመለከተ የጻፉት ጥቂት ነው። በውጤት ደረጃ ማንም አላስጨነቃቸውም፤ ደረጃ አልነበረም። ግን ስማቸውን ጠርቶ መጨረሻ ነሽ ያላቸው ቢኖር ኖሮ ደስ ይላቸው እንደነበር ጻፉ፤ ቢያንስ ስማቸው ይጠራ ነበር። ይህን በቀልድ ይሁን በምር አላወቅሁም። ዛሬ ሁለቱንም ስም ይጠቀማሉ። መታወቂያው ላይ አዲሱ ነው፣ እናታቸው መቃብር ላይ ሲያለቅሱ የቀድሞው።

29ኛው እትዬ ብሎ ሰላምታ ብቻ ሰጣቸው፤ ከዚያ በኋላ ለግማሽ ቀን ማንም አልጻፈም።

ምላሽ 30

ይህች ልጅ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ 1ኛ ናት። የወረዳ ከተማ ትምህርት ቤት ነው፣ አባቷ ካርዷን በላስቲክ አልብሰው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። በ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብታ ተፈተነች። ከ700 298 አመጣች። ማለፊያው 350 ነበር። ከትምህርት ቤቷ አንድም ልጅ አላለፈም። የዚያን ዓመት ወደ 845 ሺህ ልጅ ተፈትኖ ከግማሽ በላይ ያመጣው 27,267 ብቻ ነው፣ 3.2 በመቶ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። እነዚህን ቁጥሮች በቃሏ ይዛቸዋለች። ብቻዬን እንዳልሆንኩ ለራሴ የምነግራቸው ናቸው አለች።

አባቷ ካርዱን ከግድግዳ አላወረዱትም። እሷ ግን ማየት አቃታት። 1ኛ የነበረችው ከማን ነው? በኋላ ሬሜዲያል፣ ማለፊያ ላላመጡ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ ገብታ አለፈች፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ናት። እዚያ ዶርም ውስጥ ስንተኛ ነበርሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚጠይቁት የየት ትምህርት ቤት ነሽ ብለው ነው። ስትነግራቸው ኦ ብለው ዝም ይላሉ።

ምላሽ 9 ስለ ኩሬ ያለውን ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

ምላሽ 31

በ30 ላይ የጨከነ ሰው ነው። ድሮ በኩረጃ ሲታለፍ ነበር፣ አሁን እውነቱ ወጣ፤ የልጆች ስሜት እንዳይጎዳ ብለን ውሸት እንቀጥል ወይ አለ። ልጅቷ ራሷ መለሰችለት፣ 32 ላይ፣ በእርጋታ። እውነቱን አልጠላችም። አራት ዓመት ሙሉ 1ኛ ነሽ እያሉ ሲነግሯት የነበሩት ግን ውሸት ለነገሯት አንድም ጥያቄ አልተጠየቁም፤ ሰልፍ ላይ የሸለሟት ርዕሰ መምህር ዛሬም እየሸለሙ ነው። 31 መልስ አልሰጠም።

ምላሽ 33

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አባት ነው። የሴት ልጁ ነገር አስቆታል፤ በየወሩ ሰርተፊኬት ይዛ ትመጣለች፣ አንዱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በጸጥታ ስለተቀመጠች የተሰጠ ነው። እሱ ራሱ በ14 ዓመቱ ሲገባ ቋንቋ ለማያውቁ በተዘጋጀው ክፍል ተቀመጠ፣ ሒሳብ ላይ ግን ከሁሉም ይቀድም ነበር። ማንም ልብ አላለውም፣ ዝም ስለሚል የማይገባው መሰላቸው። ስለዚህ ሰርተፊኬቱን አይንቅም፣ አያምነውምም። በ2003፣ በፈረንጆቹ፣ የሳይኮሎጂ ተመራማሪው ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ የነበሩትን ጥናቶች ገምግመው፣ ልጁን ስለ ራሱ ጥሩ እንዲሰማው ማድረግ ብቻውን ውጤቱን እንደማያነሳለት ጽፈዋል አለ። ውጤት ሲሻሻል ግምቱ የሚከተል ነው የሚመስለው። አጨብጭቡለት ማለት መፍትሔ አይደለም።

11 ተመልሶ መጥቶ ስለ ፈረንጅ ስም የተባለው ረስተሃል ወይ አለው።

ምላሽ 34

አሁን የምታስተምር መምህር ናት፣ የግል ትምህርት ቤት። እነሱ ጋ ከሁለት ዓመት በፊት ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ደረጃ ተሠርዞ ነበር። ካርዱ ላይ ውጤቱና የመምህሯ አስተያየት ብቻ ተጻፈ። ካርድ በተሰጠ ሳምንት የወላጅ ሰልፍ በር ላይ ሆነ። ክፍያ የምንከፍለው ልጃችን ስንተኛ እንደሆነ ላናውቅ ነው ወይ ተባለ። አንዲት እናት የክፍሉን ልጆች እናቶች በቴሌግራም ሰብስባ የሁሉንም አማካይ አስልካ፣ ራሷ ደረጃ አውጥታ ግሩፑ ላይ ለጠፈችው። በሚቀጥለው ሴሚስተር ደረጃው ተመለሰ።

ከዚያ በስሜ ጠርታ ጠየቀችኝ። ካርዱ በመጣ ቀን መጀመሪያ ያየሽው የቱን ነው? አማካዩን ወይስ ደረጃውን?

ለሁሉም መልስ ሰጥቻለሁ። ለዚህ አልሰጠሁም። ደረጃውን ነው። አማካዩን ያየሁት አጎትየው ከሄዱ በኋላ ነው።

ምላሽ 35፣ 36

የምላሽ 3 ሰው ተመለሱ። ሐሳባቸውን አልቀየሩም፣ ግን 5ን አንብበው ማደራቸውን ጻፉ። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ይነበብ፣ የቀረው ለየቤቱ ይላክ ብለው ሐሳብ አቀረቡ። 36 ደግሞ፣ 4ኛ የወጣውስ አለ።

ምላሽ 37

የምላሽ 14 መምህር። ጋራዡ ድረስ ሄደው ነበር። ልጁ፣ ልጅ አይባልም አሁን፣ እጁን በነዳጅ ታጥቦ በጨርቅ ጠርጎ ወንበር አወጣላቸው፣ ሻይ አስመጣላቸው። ስለ ልጆቹ አወሩ። ትልቋ ሳይንስ ትወዳለች አላቸው። ሻዩን ጠጥተው ተመለሱ። አልነገሩትም። ሌላ ምንም አልጻፉም። 16 ይሰድባቸዋል ብዬ ጠበቅሁ፤ ዝም አለ።

ምላሽ 38

ስም የሌለው፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ልጁን ጠይቃችሁታል?

እውነቱን ለመናገር አልጠየቅሁትም ነበር። ያ ሁሉ ሰው ስለ እሱ ሲያወራ እሱ ጎኔ ቁጭ ብሎ ካርቱን ያያል። ማታ ሊተኛ ሲል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ያን ቀን 34ኛ በመውጣቱ አፍሮ እንደሆነ ጠየቅሁት። ግራ በተጋባ ዓይን አየኝ። 34ኛ ምንም አይልም አለ፤ ባለፈው 36ኛ ነበርኩ።

ታዲያ መጋረጃው?

ትንሽ ቆይቶ ነገረኝ። 47ኛ የወጣው አጠገቡ የሚቀመጠው ልጅ ነው። ስም ጠሪዋ ስሙን ስታነብ ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። እሱም አጨበጨበ። ለምን እንዳጨበጨበ አያውቅም፤ ሁሉም ሲያጨበጭቡ እጁ ብቻውን ሄደ። ልጁ ዞር ብሎ እጁን አየው።

ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ከሳበ በኋላ የጠየቀኝ፣ እሱም ቤት ማታ እንግዳ መጥቶ ይሆን እንዴ ብሎ ነው።